ቅዳሜ የጨሰው ቤት

እማማ አዛለች መሞታቸውን ሚካል ደውላ ስትነግረኝ፣ ከክርያት አታ በሚነሣው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር። "ሳፍታ አረፈች፤ ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ከሰዓት ነው" አለችኝ። ሚካል አሮጊቶችን ሁሉ "ሳፍታ" ነው የምትላቸው፤ በዕብራይስጥ አያቴ ማለት ነው። የሞተው ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ሰው መሃል አለቅስ ነበር። እኔ ግን እፎይ አልኩ። ዛሬ ማንም አይሰድበኝም አልኩ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ይባላል። እሳቸው ደግ አልነበሩም። ደግ ነበሩ ብዬ ብጽፍ ከመቃብራቸው ቀና ብለው "ውሸታም!" የሚሉኝ ይመስለኛል። ስለዚህ እንደነበሩ እጽፋቸዋለሁ።

የምንሠራው ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ውስጥ ነው። ከዳገቱ ደረጃ ግርጌ አንድ ሚክላት አለ። ሮኬት ሲመጣ የሰፈሩ ሰው የሚሸሸግበት ምድር ቤት ነው፤ በሌላው ቀን እኛ ሴቶች ሸክላ እንሠራበታለን። ኃላፊያችን ሚካል ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ ውትድርናዋን ጨርሳ የመጣች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከዕብራይስጥ ጋር የተቀላቀለ፣ ትልቁንም ትንሹንም "አንቺ" የምትል። የምንሠራው ለሻባት፣ ማለት ለሰንበት፣ ሻማ ማቆሚያ የሚሆን የሸክላ መቅረዝ ነው፤ ጥንድ ጥንዱን። ቅርጹ የጎጆ ቤት ነው። ጭቃው ጠጠር ሲል ግድግዳውን፣ በሩን፣ የሣር ክዳኑን በቢላ እንቀርጻለን። ሻማው የሚቆመው ጣሪያው ጫፍ ላይ ነው። ገዢው ይህን ጎጆ ይወደዋል፣ ከየትም ከየትም ያዝዛል ትላለች ሚካል።

ጎጆውን ከሁላችን አሳምረው የሚቀርጹት እማማ አዛለች ነበሩ። ከሁላችን አብልጠው የሚጠሉትም እሳቸው ነበሩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ዕድሜ ጀርባቸው ያልጎበጠ ሴት ነበሩ። ቢላቸውን በቀሚሳቸው ላይ፣ ጉልበታቸው ጋ ይጠርጉታል። ሰው ሲያናግሩ ደግሞ በዚያው ቢላ ይጠቁማሉ። "እንደምን አደሩ፣ እማማ?" ስንላቸው ዓይናቸውን ከጭቃው አያነሡም። "አድረናል። አላየሽም?" ይላሉ። የአንዳችን ሥራ ካልጣማቸው አውራ ጣታቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይጫኑታል። ጎጆው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። "ይኼ ቤት ነው? ዶሮ አይገባበትም" ይሉና ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ይጥሉታል፤ ቀኑን ሙሉ የለፋንበት እንደገና ጭቃ ይሆናል። ሚካል "ሳፍታ፣ ዳይ!" ብላ ትጮኻለች፤ በቃሽ ማለቷ ነው። እሳቸው መስሚያ የላቸውም።

እኔን ግን ለብቻዬ ነበር የሚጠሉኝ። የጀመረውም በመጀመሪያው ቀን ነው።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። በእኛ ሰው ዘንድ ይህ ጥያቄ የተለመደ ነው፤ አልከፋኝም። ያባቴን ስም ነገርኳቸው፣ የእናቴን ነገርኳቸው፣ ከጎንደር በታች ያለውን መንደራችንን ነገርኳቸው።

"የእናትሽ እናትስ?"

"ላቀች።"

ቢላው ቆመ። "ላቀች" አሉ፣ መራራ ነገር እንደቀመሰ ሰው። ከዚያ ወደ ሚካል ዞሩ። "ይችን ክርስቲያን ከየት ነው ያመጣሻት?"

"ሳፍታ፣ ጊዩር አድርጋለች። እንዳንቺው ይሁዲት ናት።"

"እንደኔው!" አሉና ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቦቼ ዘራቸው ከቤተ እስራኤል ነው፤ ግን በአያቴ ጊዜ ክርስትና ተነሡ። እኔ ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን እየሳምኩ ነው። እዚህ ስንመጣ ወደ አይሁድነት ለመመለስ ተማርን፣ ተፈተንን፣ ውሃ ገባን፤ ጊዩር የሚሉት ይህን ነው። እማማ አዛለች ግን ከቀደሙት፣ የሱዳንን በረሃ አቋርጠው ከመጡት ናቸው። "እኔ በእግሬ፣ አንቺ በአውሮፕላን" ይሉኝ ነበር፣ አውሮፕላን መሳፈር ነውር ይመስል። ስሜን አንድ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም። ደኅና ሲሆኑ "አንቺ ክርስቲያን"፣ ሲብስባቸው "የላቀች ዘር" ነበርኩ።

እኔ ደግሞ ስጉ ሴት ነኝ። ከቤት ወጥቼ ጋዙን ዘግቼው እንደሆነ ለማየት ከአውቶቡስ ፌርማታ እመለሳለሁ። ትምህርቴም ጥቂት ነው፤ ቢሮ ሄጄ ፈርሚ ሲሉኝ የት እንደምፈርም ይጠፋኛል። ከሰው አልጣላም። ስለዚህ አቀርቅሬ ግድግዳዬን ቀረጽኩ።

በሮኬቱ ሰሞን አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋና ትንሿን ልጄን ሺራን ይዣት መጣሁ። ሚክላት ውስጥ ከመሆን የተሻለ ምን አለ ብዬ ነው። ሺራ የእማማ አዛለች ጠረጴዛ አጠገብ ሄዳ ቆመች። እሳቸውም ሥራቸውን ትተው አዩዋት፤ ረዘም አድርገው አዩዋት። እኔ ባደግኩበት ቤት ሸክላ ሠሪ ዓይኑ ክፉ ነው ይባላል፤ ልጅን ይበላል ይባላል። ያሰብኩት ነገር የለም፤ እጄ ብቻ ሄደ። ሻሼን ፈትቼ የልጄን ፊት ሸፈንኩት።

ሴቶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። እዚያ ያለነው ሁላችንም ሸክላ ሠሪዎች ነን፤ እኔም ጭምር።

"ሸፍኛት" አሉ እማማ አዛለች። አልጮኹም። "ሸፍኛት፣ ሸፍኛት። እጅሽ እንኳ የላቀች እጅ ነው። እሷም እንዲህ አድርጋ ነበር የምትሸፍነው።"

ሚካል ምን እንደሆነ አልገባትም። "ብርድ ነው?" አለችኝ። ለእሷ ማን ይነግራታል።

ከዚያ የሻማው ነገር መጣ። ሚካል ጠርዙ ተሰንጥቆ የማይሸጥ አንድ ጥንድ መቅረዝ ሰጠችኝ፤ የእማማ አዛለች ሥራ ነበር። ዓርብ ሲመሽ እንደተማርኩት ሻማውን አቆምኩ፣ አበራሁ፣ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ባረክሁ። ሻማው ጎጆው ውስጥ ጠልቆ ጫፉ ብቻ ነበር የሚታየው፤ አሠራሩ ነው ብዬ ተውኩት። ገና ገበታ ቀርበን እጃችንን ሳንታጠብ ሁለቱም ሰሙ ውስጥ ሰጠሙና ጠፉ። የሚቀጥለው ዓርብም እንደዚያው ሆነ። ልቤ ተሰነጠቀ። ጊዩሩ አልያዘልኝ ይሆን? እግዚአብሔር ብርሃኔን አልወደደው ይሆን? ለባለቤቴም አልነገርኩት።

እሑድ ሚካልን በሹክሹክታ ጠየቅኋት። እርሳስ አንሥታ ጣሪያው ላይ ባለው ቀዳዳ ሰደደችው። እርሳሱ ወረደ፣ ወረደ፤ እወለሉ ድረስ ሄደ። ከመደርደሪያው ሌላ ጎጆ አወረደች፤ እንደዚያው። የእማማ አዛለች ሥራ ሁሉ እንደዚያው ነበር።

"ሳፍታ! ይሄ ምንድነው? ሻማው ሁሉ ይሰጥማል! ሰዎች ሲያማርሩ እኔ ሻማው ነው ስላቸው…"

እማማ አዛለች አልካዱም። "ይስጠም" አሉ። "በአገራችን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው በውሃ ይጠፋል። ሰንበትን በጨለማ ነው የምንውለው፣ የምናድረው። ጣሪያው ላይ እሳት የሚነድበት ቤት ሠርቼ፣ በሰንበት፣ ሰው ቤት አስገባለሁ? እኔ?"

"ግን ረቢው አብሩ ነው የሚለው።"

"ረቢው ያብራ።"

ከዚያ ቢላውን ወደኔ ዘረጉት። "አንቺ ነሽ የተናገርሽው? እሳቱ ቀረብሽ? አይፈረድብሽም፤ የቤታችሁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በመንደሩ ካንድ ጣሪያ ጭስ አይወጣም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ግን ማንም እሳት አይጭርም። አንድ ቅዳሜ የላቀች ቤት ጨሰ። ሁላችን ደጅ ወጥተን ቆመን አየነው። ከዚያ ቀን በኋላ ከወንዙ ማዶ፣ ከክርስቲያኖቹ ዘንድ ነበረች። ያ ነው ያንቺ ዘር። አሁን ደግሞ ሻማ ጠፋብኝ ትላለች!"

ከዚያ ወዲህ ሚካል የእሳቸውን ጎጆ ሁሉ በእርሳስ እየለካች ነበር ወደ ሸክላ መተኮሻው ምድጃ የምታስገባው። እሳቸውም በየጊዜው አንድ ቀዳዳው የጠለቀ ጎጆ ያሾልኩባት ነበር። ከእኔ ጋር ግን ነገሩ ከሻማ አለፈ።

ብርቄ የበኩር ልጄ ናት። ከፊተኛው ባሌ ነው የወለድኳት። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት በአሁኑ ባለቤቴ ዘር ነው፤ ብርቄ የእሱ ልጅ ስላልሆነች ጎንደር እህቴ ዘንድ ቀረች። ተኩስ ሲኖር ስልክ ይጠፋል። ስልኩ ሲጠፋ እኔ እዚህ ሰው አልሆንም፤ ጨው ብዬ ስኳር እጨምራለሁ። ላስመጣት ብዬ ቢሮ ስጠይቅ፣ በእኔ ዘር ልትመጣ እንደምትችል፣ ግን የእናቴ እናት ከቤተ እስራኤል እንደነበረች ዓይቶ የሚያውቅ ሰው መጥቶ መመስከር እንዳለበት ነገሩኝ። እናቴ ሞታለች፣ አጎቶቼ ሞተዋል። ላቀችን በመልክ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር አንድ ብቻ ነው የቀረው። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሴቶቹ ለምሳ ሲወጡ ጠበቅኋቸውና እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። "እማማ፣ በወለዱት ልጅ ይዤዎታለሁ" አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ቀና ስል ቢላቸውን እየጠረጉ ነበር።

"ለላቀች ዘር? እኔ?"

"ለልጅቷ ነው፣ እማማ። ልጅቷ ምን አደረገች?"

"እኛ ስንሰደብ፣ እኛ ስንባረር በማዶ ሆናችሁ ታዩን ነበር። አሁን ዝናብ ሲመጣባችሁ የኛ ጣሪያ አማራችሁ?"

በሌላም ቀን ለመንኳቸው፤ በሌላም ቀን። ሚካልም ለመነቻቸው። ሰው ፊት እየጠሩ ይሳለቁብኝ ጀመር። "የላቀች ዘር፣ ዛሬ አትንበረከኪም? ወለሉ ቀዘቀዘሽ?"

የጎንደር ስልክ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ እኔም እንቅልፍ አልነበረኝም። እሳቸው የጎጆ በር እየቀረጹ፣ ቀና ሳይሉ፣ "ምን ያስጨንቅሻል? እንዳያቷ ከማዶ ባል ታግባ፤ እዚያው ትቅር። መንገዱን ታውቁታላችሁ" አሉ።

ተነሣሁ። እጄ ላይ የነበረውን ጭቃ ጠረጴዛው ላይ አፈረጥኩት። "እንግዲያው ይተዉን!" አልኩ። ድምፄ ሚክላቱ ውስጥ ሲያስተጋባ የሌላ ሰው መሰለኝ። "ላቀችን አላውቃትም ይበሉና ይገላገሉ! ቤቷ ቢጨስ ምን አገባዎት? የባዳ ቤት ነው! ባዳ ከሆንን ስማችንን ለምን ያነሣሉ? ከዛሬ ጀምሮ ስሟን እንዳይጠሩት። እርስዎም አያውቋትም፣ እኛም አናውቅዎትም!"

ሚካል ከምድጃው ጀርባ ብቅ ብላ ቀረች። እማማ አዛለች መቅረጻቸውን ቀጠሉ፤ ግን ቢላው ስቶ ግድግዳውን ከበሩ እስከ ክዳኑ ቀደደው። ሲሳሳቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የተቀደደውን ጎጆ ራሳቸው ባልዲው ውስጥ ጣሉት። ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ።

በማግሥቱ ገና ደረጃውን ስወርድ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል።

"ያ ቢሮ መቼ ነው የሚከፈተው?"

"ዛሬም ክፍት ነው" አልኩ።

"ልመሰክርልሽ እንዳይመስልሽ" አሉ። "ልከሳት ነው። አላውቃትም በዪ አልሽኝ? አውቃታለሁ። ሰሚ ካለ ይስማኝ።"

ከሚካል ጋር ሆነን በአውቶቡስ ወረድን። አጠገቤ አልተቀመጡም፤ ከፊት ሄደው ከአንድ ወታደር ጎን ተቀመጡ። እኔ መንገዱን ሁሉ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ጣቴን በላሁ። በቁጣ ተነሥተው የልጄን መንገድ ለዘላለም ቢዘጉባትስ? ሚካልን "እንመለስ" አልኳት። "ቤሰደር ይሆናል" አለችኝ፤ ደኅና ይሆናል ማለቷ ነው፤ እሷም ገርጥታ ነበር።

ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሚካል ታስተረጉማለች። ላቀች የምትባል ሴት ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው።

"እጄን ይዛ ጭቃ ያስጨበጠችኝ እሷ ናት" አሉ እማማ አዛለች።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በቤታችን አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ ገበሬ ነን ነው የሚባለው።

"ልጅ ነበርኩ። ማሰሮ ሥራ ያስተማረችኝ፣ አፈሩ የት እንደሚቆፈር ያሳየችኝ እሷ ናት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቤቷ ጨሰ። ወንዙን ተሻገረች። ከርሞ ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ልጅ አዝላ። 'እቴ ላቀች!' ብዬ ሮጥኩ። ነጠላዋን ስባ ልጇን ሸፈነችብኝ። ከኔ ዓይን! እሷ ራሷ ሸክላ ሠሪ፣ የእጇ ጭቃ ሳይደርቅ!"

ሚካል መተርጎሟን መሃል ላይ ተወችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ የዚያን ቀን የሺራ ነገር አሁን ነው የገባት።

ሚካል ትርጉሙን ስትጨርስ ሰውዬው፣ "እንግዲህ ሴትየዋ ከእናንተ ነበረች ማለት ነው?" አለ።

እማማ አዛለች ጠረጴዛውን መቱት። "ከኛ ባትሆን ምን አናደደኝ? ማዶ ያለው የክርስቲያን ቤት ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጨስ ኖሯል። አንዱን ጭስ ቆሜ አይቼው አውቃለሁ? የላቀች ቤት ሲጨስ ግን እናቴ ሰው የሞተባት ያህል ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ለባዳ እንዲህ ይለቀሳል? ጻፍ!" አሉት፣ በአማርኛ፣ የሚሰማቸው ይመስል። "ከዳተኛ ናት ብለህ ጻፍ። የኛው ከዳተኛ።"

ሰውዬው ሚካልን አየ። ሚካል በዕብራይስጥ ነገረችው። ጻፈ።

ከቢሮው ስንወጣ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። በዚያው ጉልበት ገፉኝ። "አትንኪኝ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። አንዱንም አላነሣም።" በማግሥቱ ጣሪያዬን በአውራ ጣታቸው ተጭነው "ዶሮ አይገባበትም" አሉ። እኔም ሰላምታ መስጠት ተውኩ። እስከ መጨረሻው እንዲህ ነበርን፤ አልታረቅንም።

ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ። ሴት ልጃቸው፣ "እናቴን በምን ታውቂያት ነበር?" አለችኝ። "ይሰድቡኝ ነበር" አልኳት። "እኛንም" አለችኝና ውሃ አቀረበችልኝ። ቤታቸው ውስጥ አንድም መቅረዝ አላየሁም።

ብርቄ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከስታለች፣ ረዝማለች፣ የልጅነት ሳቋ ግን አለ። በመጀመሪያው ዓርብ ያንን የተሰነጠቀ ጥንድ አወጣሁ። ሌላ መቅረዝ አለኝ፤ ለምን እሱን እንዳወጣሁ አትጠይቁኝ። ሻማዎቹን አቆምኩ፣ አበራሁ፣ ባረክሁ። ወጡ ሳይወጣ መብራቱ ሰሙ ውስጥ ሰጠመ። ከሁለቱ ጎጆዎች ጣሪያ ቀጭን ጭስ ወደ ላይ ወጣ።

ብርቄ ክብሪት ልታነሣ ብድግ አለች። "እማ፣ ጠፋ። ላብራው?"

"ተቀመጪ። ሰንበት ገብቷል።"

ተቀመጠች። ጭሱ እስኪያልቅ አየችው። "ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?"

"እማማ አዛለች የሚባሉ ሴት። ሞተዋል።"

"እኒያ የመሰከሩልን ሴትዮ?"

"አልመሰከሩልንም" አልኳት። "ከሰሱን። ብይ አሁን፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ።"